በከፊል ሐሩራማ የተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ የጫካ መንገድ ሩጫ፦ የአሠራር መመሪያ

ከሐሩር ክልል ወጣ ብሎ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜንም ሆነ በስተደቡብ ከ23 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ባለው ቀጠና የሚገኝ እርጥበት አዘል የተፈጥሮ ፓርክ ለሯጭ የሚያቀርበው መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ከጥቅጥቅ ደን የተነሣው መንገድ ወደ ረግረግ ይወርዳል፣ በሳንቃ መተላለፊያ ይሻገራል፣ ድንጋያማ ኮረብታ ይወጣል፣ መጨረሻውም አሸዋ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በአሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። በአስፋልት ላይ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው እዚህ አንዱን በ6፣ ሌላውን በ11 ደቂቃ ቢጨርስ ሩጫው ተበላሸ ማለት አይደለም። የዚህ መመሪያ መነሻም ይኸው ነው፦ እንዲህ ባለ ቦታ ፍጥነትን የሚወስኑት መሬቱና ወበቁ ናቸው፤ የእጅ ሰዓት የሚያገለግለው ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ ለማወቅ ነው። መመሪያው በሜዳ ላይ ሳያቋርጥ 45 ደቂቃ ያህል በሶምሶማ መሮጥ ለሚችል ጤነኛ ሰው የተዘጋጀ ሲሆን፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ከዚህ ቀደም በሙቀት የተጎዳ ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ሊያማክር ይገባል።

1. መንገዱን በካርታ ላይ ማጥናት

የፓርኩን ካርታ ያግኙና ሊሮጡበት ያሰቡትን መንገድ በርዝመቱ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ዓይነት ይከፋፍሉት። የከፍታ መስመሮች ተቀራርበው የሚታዩበት ቦታ ቀጥ ያለ አቀበት ወይም ቁልቁለት ነው፤ ተራርቀው የሚታዩበት ደግሞ ለጥ ያለ መሬት ነው። በከፊል ሐሩራማ አካባቢ ይህ ለጥ ያለ መሬት ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያቁር በመሆኑ፣ በካርታ ላይ ቀላል መስሎ የታየው ክፍል በእግር ሲደረስበት ከኮረብታው ይልቅ የሚያዘገይ ሆኖ ይገኛል። መንገዱ ሰማያዊ መስመር የሚያቋርጥበት ነጥብ ሁሉ የውሃ መሻገሪያ ስለሆነ፣ ድልድይ ይኑረው ወይም በእግር የሚገባበት ይሁን የፓርኩን ጠባቂዎች ይጠይቁ። በዚያው አጋጣሚ የፓርኩን የመዝጊያ ሰዓት፣ የተዘጉ መንገዶችን እና በደረቁ ወቅት በቁጥጥር የሚካሄድ የቃጠሎ ሥራ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ በብዙ ፓርኮች የደረቀ ሣርና ቅጠል እንዳይከማች ሆን ተብሎ ይቃጠላልና።

የሚፈጀውን ጊዜ ለመገመት አንድ የቆየ ስሌት አለ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔስሚዝ በ1892 ያወጣው ይህ ስሌት ለአንድ እግረኛ በየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ገደማ፣ በየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይይዛል። ሯጭ ከዚህ እንደሚፈጥን ግልጽ ነው፤ የሚጠቅመን በርቀትና በከፍታ መካከል ያለው ምጣኔ ነው። በዚህ መሠረት 100 ሜትር ወደ ላይ መውጣት ከ800 ሜትር በላይ ሜዳ እንደመጓዝ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ በጊዜ ሲለካ ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስሌቱ ጭቃን፣ አሸዋንና ወበቅን ስለማያውቅ ከተገኘው ውጤት ላይ ሲሶ ያህል ጨምሮ ማቀድ ይበጃል።

በማያውቁት ፓርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጡ ዙሪያውን ከሚያዞር መንገድ ይልቅ ደርሶ መልሱን ይምረጡ። ዙሪያውን የሚዞር ሰው ከግማሽ ካለፈ በኋላ ቢደክመውም የቀረውን መጨረስ ግድ ይሆንበታል፤ በደርሶ መልስ ግን በፈለጉበት ቅጽበት መመለስ ይቻላል፣ የመመለሻውንም መሬት ቀድሞ አይተውታል። ከመነሣትዎ በፊት የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ በሰዓቱ ካልተመለሱ ለማን መደወል እንዳለበትም ያሳውቁት።

2. ሰዓቱንና አየሩን መምረጥ

ሞቃቱ ወቅት እርጥበት አዘል በሆነበት አካባቢ ነጎድጓድ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማለዳ መነሣት ሁለት ችግሮችን፣ ሙቀቱንና ነጎድጓዱን፣ በአንድ ጊዜ ያስወግዳል። የአየር ትንበያ ሲመለከቱ ሙቀቱንና በመቶኛ የሚገለጸውን የእርጥበት መጠን ብቻ አይተው አይለፉ። መቶኛው ከሙቀቱ ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ ያሳስታል፦ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 90 በመቶ የሚባለው አየር በ32 ዲግሪ 50 በመቶ ከሚባለው አየር ግማሽ ያህሉን እርጥበት ብቻ ነው የሚይዘው። የሚሻለው መለኪያ የጤዛ ነጥብ የሚባለው፣ ማለትም በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጤዛ የሚለወጥበት የሙቀት መጠን ነው፤ አብዛኞቹ የስልክ የአየር ትንበያ መተግበሪያዎች ያሳዩታል። የጤዛ ነጥቡ ከ21 ዲግሪ ካለፈ ላብ በቀላሉ አይደርቅምና ፍጥነትን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከ24 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ መንገዱን ማሳጠር ወይም በእርምጃ መለወጥ ተገቢ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ውሳኔውን ያቀላል። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ላይ ሲተን ከሰውነት ወደ 2400 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይወስዳል፤ ሳይተን ወደ መሬት የሚንጠባጠበው ላብ ግን ይህ ነው የሚባል ቅዝቃዜ ሳይሰጥ ውሃውንና ጨውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ነፋስ ስለማይገባ ጥላው ከፀሐይ ቢያድንም ወበቁ ይብሳል። ብዙ ሯጮች ጥላውን አይተው የሚፈጥኑት እዚህ ላይ ነው፤ ልብሳቸው ከላይ እስከ ታች ተጣብቆ ላቡ ከክርናቸው እየተንጠባጠበ ከሆነ ግን ሰውነታቸው ሙቀቱን ማስወጣት እንዳቃተው ሊያውቁ ይገባል።

3. ሰውነትን ማላመድ

ሰውነት ከሙቀት ጋር የሚላመደው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት የደም ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፣ ላብ ቀደም ብሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላቡ ውስጥ የሚባክነው ጨው ይቀንሳል፣ በዚያው ሥራ ላይ የሚመዘገበው የልብ ምትም ይወርዳል። ከቀዝቃዛ ወይም ከደረቅ አካባቢ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሚደርስ ዘና ያለ ሶምሶማ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየጨመረ ይሂድ። ይህ መላመድ ሙቀቱ በተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚጠፋ ባለፈው ዓመት በተገኘው ላይ መተማመን አይቻልም።

እግርንም ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ በመጀመሪያ ዓይን ተከፍቶ፣ ቀጥሎ ዓይን ተጨፍኖ፣ ለቁርጭምጭሚት ከሚደረጉት ልምምዶች ሁሉ ወጪ የሌለውና ጠቃሚው ነው። ከደረጃ ጫፍ ላይ ተረከዝን ዝቅና ከፍ ማድረግ ባትን ያጠነክራል። ቁልቁለት የሚበዛበት መንገድ ካለ ከሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ አንድ ጊዜ መጠነኛ ቁልቁለት መሮጥ ለጭን ጡንቻ ትልቅ መከላከያ ነው፤ ጡንቻው ያን ጊዜ ቢታመምም ቀጥሎ ለሚመጣው ተመሳሳይ ጫና በጣም ይጠነክራል።

4. ጫማ፣ ልብስ እና የሚያዝ ዕቃ

ለእንዲህ ዓይነቱ ድብልቅ መሬት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ሶል ይመረጣል፤ ከዚያ የረዘመ ጥርስ በጭቃ ቢረዳም በአለትና በሳንቃ ላይ ያንሸራትታል። ውሃ አያስገባም የሚባል ጫማ እዚህ ጥቅሙ ያነሰ ነው፤ ውሃው በአፉ በኩል መግባቱ አይቀርም፣ ከገባ በኋላም አይወጣም። ቶሎ የሚያንጠፈጥፍና የሚደርቅ ስስ ጫማ ይሻላል። ካልሲው ከጥጥ ያልተሠራ፣ ቁመቱም ቁርጭምጭሚትን የሚያልፍ ይሁን። ጭኖች በሚፋተጉበት፣ በብብትና የቦርሳ ማንገቻ በሚያርፍበት ቦታ ቫዝሊን ይቀቡ፤ በወበቅ መላላጥ የሚጀምረው ሳያስታውቅ ነው። ጥቁር መነጽር ሜዳ ላይ ቢጠቅምም ከፀሐይ ወደ ደን ጥላ ሲገቡ ሥርና ድንጋይ ስለሚሰውር የደን አፋፍ ላይ ሲደርሱ ያውልቁት።

ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ሩጫ ትንሽ የሯጭ ቦርሳ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ውሃ፣ የሚበላ ነገር፣ ሙሉ ኃይል የተሞላና በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ፣ ፊሽካ፣ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ስስ የዝናብ ጃኬት እና ትንሽ የእጅ ባትሪ። ካርታውን አስቀድመው ወደ ስልክዎ ያውርዱ፤ በጫካ ውስጥ ኔትወርክ እንደማይኖር አድርጎ ማሰብ ይሻላል። የጂፒኤስ ሰዓት በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ርቀትን ስለሚያዛባ በቁጥሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አይመኩ።

5. አነሳስ

የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች በፈጣን እርምጃና በቀስታ ሶምሶማ ያሟሙቁ። ከዚያም ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ሊሮጡ በሚችሉበት ፍጥነት ይቀጥሉ፤ ንግግሩ በሁለትና በሦስት ቃል መቆራረጥ ከጀመረ ፍጥነቱ በዝቷል። ማለዳ ቀድሞ የገባ ሰው በመንገዱ ላይ የተዘረጋ የሸረሪት ድር በፊቱ መስበሩ አይቀርም፤ አንድ ቀጭን እንጨት ከፊት አድርጎ መሄድ ከዚህ ይገላግላል።

6. የመሬቱ ዓይነት ሲለዋወጥ

ሯጩን ከዳር የሚያደርሰው ወይም ከመንገድ የሚያስቀረው ይህ ክፍል ስለሆነ በዝርዝር እንመልከተው። ለሁሉም የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዓይን ነው፦ ከእግር ጣት ሥር ሳይሆን ከ3 እስከ 5 ሜትር ወደፊት ይመልከቱ፤ ፍጥነት ሲጨምር ዓይንም አብሮ ይርቃል። ዞር ብሎ ወፍ ወይም ገደል ማየት ያማረው ሰው ቆሞ ይመልከት። ሁለተኛው እርምጃ ነው፦ መሬቱ አጠራጣሪ በሆነ ቁጥር እርምጃን ማሳጠርና ማፍጠን፣ እግርን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርጎ ማንሣት። አጭር እርምጃ የሚጥል ሰው አንዱ እግር ቢንሸራተት ሌላው ወዲያው ከሥሩ ይደርስለታል።

ሥር በበዛበት ደን ውስጥ ዋናው አደጋ የብዙ ሰው እግር ልጡን ልጦ ያለሰለሰው እርጥብ ሥር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥር ከሌሎቹ ይልቅ ያብረቀርቃልና ዓይን ይለየዋል። መንገዱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ከሆነ ሳይረግጡ ይሻገሩት። ሰያፍ ሆኖ የተጋደመው ግን ይበልጥ አታላይ ነው፤ የረገጠውን እግር በርዝመቱ አቅጣጫ ወደ ጎን ይወስደዋል። መርገጡ ግድ ከሆነ የእግርዎን መካከል በሥሩ ላይ ቀጥ አድርገው ያሳርፉ፣ ክብደትዎን ሳያዘገዩ ይለፉ፣ ከሥሩ ላይ ግን ተስፈንጥረው አይነሡ። የረገፈ ቅጠል የሸፈነው መሬትም ድንጋይና ጉድጓድ ይደብቃል፤ ቅጠሉ ወፍሮ በተከማቸበት ቦታ በሶምሶማ ከመሄድ አይለፉ።

በአለትና በጠጠር ላይ ደረቅ አለት ያስተማምናል፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሽፋን ያለበት አለት ግን እንደ ሳሙና ነው። ልቅ ድንጋይ የበዛበት ቦታ ላይ ትልቁን ድንጋይ መርጦ ከመዝለል ይልቅ በትንንሾቹ መካከል ያለውን አፈር መከተል ይሻላል፤ የተላቀቀ ትልቅ ድንጋይ የሚታወቀው ከተረገጠ በኋላ ነውና።

በአሸዋ ላይ መሮጥ በጠንካራ መሬት በተመሳሳይ ፍጥነት ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ በቤተ ሙከራ ተለክቷል። ስለዚህ አሸዋው ላይ የሜዳውን ፍጥነት ለመጠበቅ መታገል ለቀሪው መንገድ የተቀመጠውን አቅም መጨረስ ነው። ተረከዝን ሳያስቀድሙ መላ እግርን ጠፍጣፋ አድርገው ያሳርፉ፤ ቀድሞዎት ያለፈ ሰው ረግጦ ያጠበቀውን ዱካ ይጠቀሙ፤ የባሕር ዳርቻ ከሆነ ማዕበሉ ሲያፈገፍግ የሚቀረውን እርጥብና ጠንካራ ንጣፍ ይምረጡ። የአሸዋ ክምሮችን ሣር እየረገጡ ማቋረጥ ግን ክልክል ሊሆን ይገባል፤ ክምሩን ከነፋስ የሚይዘው ያ ሣር ነው።

ጭቃ ሲያጋጥም በመሃሉ ይለፉ። ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው እግሩን ለማዳን ሲል መንገዱን በየጊዜው ያሰፋል፣ ዳር ያለውን ተክልም ይገድላል፤ ደግሞም የዳሩ መሬት ያዘነበለ ስለሆነ ከመሃሉ ይልቅ ያዳልጣል። ጥልቅ መስሎ ከታየ በእንጨት ይለኩ። ጫማ በጭቃ ተውጦ እንዳይቀር የጫማዎ ክር የላይኛው ቀዳዳ ድረስ ይጥበቅ፣ ትርፉም ወደ ውስጥ ይሰካ።

በረግረግ ላይ የተዘረጋ የሳንቃ መተላለፊያ ሯጮች እፎይ የሚሉበት ቦታ ቢመስልም በእኔ ግምት ከመንገዱ ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው እርሱ ነው። በጥላ ሥር ያለ እርጥብ ሳንቃ በዓይን የማይታይ ስስ የአልጌ ሽፋን ይኖረዋል። በሳንቃው ላይ የምስማር ረድፍ የሚታይበት መስመር ከሥሩ የተጋደመ ደጋፊ እንጨት ያለበት ስለሆነ እግርዎን በዚያ መስመር ላይ ያሳርፉ፤ ከሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ሳንቃ አርጅቶ ሊሰበር ይችላል። በሳንቃ ላይ ፍጥነት አይጨምሩ፣ በድንገት አይቁሙ፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ይራመዱ።

ጅረት ሲሻገሩ ከጉልበት በላይ የሚደርስና የሚፈስ ውሃ ውስጥ አይግቡ። ውሃው ቀለሙ ከደፈረሰ፣ ቅርንጫፍ ይዞ ከመጣ ወይም የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ፣ እርስዎ ያሉበት ቦታ ባይዘንብም ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ ቆይተው ይጠብቁ ወይም ይመለሱ። ሲገቡ የቦርሳውን የደረት ማያያዣ ይፍቱ፣ ፊትዎን ወደ ላይኛው ውሃ አዙረው አንድ እግር ሳያጸኑ ሌላውን አያንሡ። ቆም ያለ ውሃ በእንስሳት ሽንት ሊበከልና በተላጠ ቆዳ በኩል በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ቁስል ካለ አስቀድመው ይሸፍኑት። አዞ በሚገኝበት ፓርክ ከድልድይ በስተቀር መሻገሪያ የለም ብሎ መያዝ ነው።

አቀበት ላይ መራመድ ሽንፈት አይደለም። በጣም ቀጥ ባለ አቀበት ላይ፣ ፍጥነቱ አንድ ሆኖ፣ መራመድ ከመሮጥ ያነሰ ጉልበት እንደሚፈጅ በጥናት ታይቷል። ትንፋሽዎ ንግግር በከለከለበት ቅጽበት ወደ እርምጃ ይለውጡ፣ ወገብዎን ሳያጎብጡ ከቁርጭምጭሚትዎ ትንሽ ወደፊት ያዘንብሉ፣ መዳፎችዎን ጭን ላይ አድርገው ይግፉ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ወዲያው አይፍጠኑ፤ ትንፋሹ እስኪሰበሰብ ጥቂት ሜትሮች ይራመዱ።

ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትን ስለሚይዝ ከአቀበት ይልቅ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ አብዛኛው መውደቅም ወደ ማብቂያው ገደማ በደከመ እግር ቁልቁለት ሲወረድ ይደርሳል። ወደ ኋላ ተለጥጦ በተረከዝ ፍሬን መያዝ እግርን ከማንሸራተቱም በላይ ጉልበትን ይመታል። ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ፣ እጆችዎን ለሚዛን ወደ ጎን ገለጥ አድርገው በአጭርና ፈጣን እርምጃ ይውረዱ። መንገዱ ሰፋ ካለ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር እየተመላለሱ መውረድ ፍጥነቱን ይገራል። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ከመጣ በብዙ ቦታ ቅድሚያው የእርሱ ስለሆነ ቆመው ያሳልፉት።

7. ውሃ፣ ጨው እና ምግብ

የላብ መጠን ከሰው ሰው ይለያል፤ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ 2 ሊትር ሊደርስ ይችላል። የራስዎን ለማወቅ ከአንድ ሰዓት ሩጫ በፊትና በኋላ ያለ ልብስ ይመዘኑ፤ የጎደለው 1 ኪሎ ግራም፣ በመካከል የጠጡት ተደምሮበት፣ ወደ 1 ሊትር ላብ የሚጠጋ ነው። ያን ሁሉ መተካት አያስፈልግም። በሚጠማዎት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየጎነጩ መሄድ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ከጎደለ ግን ሩጫው ይከብዳል።

ከመጠን በላይ መጠጣትም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። የተረፈው ውሃ ደሙን ሲያቀጥነውና የጨው አካል የሆነው ሶዲየም በደም ውስጥ ከ135 ሚሊሞል በሊትር በታች ሲወርድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ፣ ሲብስም መወላገድና ራስን መሳት ይመጣል። ከመነሻው ይልቅ በማብቂያው ክብደቱ የጨመረ ሯጭ ከመጠን በላይ ጠጥቷል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ለሚበልጥ ሩጫ በውሃው ውስጥ ጨው ያለበት መጠጥ መቀላቀል፣ በየሰዓቱም ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጥ ነገር በትንሽ በትንሹ መብላት ያስፈልጋል። እግረ መንገዴን የምጠቅሰው፣ ሕመም እንዳይሰማ ብሎ ከሩጫ በፊት ኢቡፕሮፌን መዋጥ በሙቀት ላይ ኩላሊትን ስለሚጎዳ መተው ያለበት ልማድ ነው።

8. አደጋ ሲመጣ

ብርድ ብርድ ማለት፣ የቆዳ ፀጉር መቆም፣ ራስ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከታዩ በጥላ ሥር ይቁሙ፣ ልብስ ያላሉ፣ ራስና አንገት ላይ ውሃ ያፍስሱ፤ በዚያ ቀን ሩጫው አብቅቷል። አብሮዎት የሚሮጠው ሰው ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ከተንገዳገደ ግን የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል፤ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ደርሶ ይሆናል፣ ላቡ አለመቆሙም ማረጋገጫ አይሆንም። እርዳታ እየጠሩ፣ ሰው እስኪመጣ ሳይጠብቁ በተገኘው ቀዝቃዛ ውሃ መላ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ይጀምሩ፤ ቅድሚያ ማቀዝቀዝ ነው፣ ማጓጓዝ ይከተላል። ጅረት ውስጥ ሲያስገቡት ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ደግፈው ይያዙ።

የመብረቅ ብልጭታ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዲህ ነውና ወደ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት ወደሆነ መኪና ይሂዱ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ አይውጡ። መጠለያ ከሌለ ከኮረብታ ጫፍ፣ ከውሃና ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ይራቁ፤ ቁመታቸው ተመሳሳይ በሆኑ አጫጭር ዛፎች መካከል ዝቅ ያለ ቦታ ይሻላል።

እባብ ካዩ ይቁሙና ወደ ኋላ ያፈግፍጉ፤ ግንድ ሲሻገሩም ማዶውን ሳያዩ እግር አይጣሉ። የተነደፈ ሰው ተረጋግቶ ይቀመጥ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፣ ቀለበትና የጠበቀ ጫማ ይውለቅ፣ በተቻለ ፍጥነትም ሕክምና ወዳለበት ይወሰድ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳት ያባብሳሉ እንጂ አይረዱም።

ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ጫማውን አያውልቁ፤ እብጠቱ ከጀመረ መልሶ አይገባም። በላዩ ላይ በፋሻ ይጠምጥሙ፣ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት ግን እርዳታ ይጥሩ። መንገድ ከጠፋዎት ምልክት ካዩበት የመጨረሻ ቦታ ድረስ በመጡበት ይመለሱ፤ ቁጥቋጦ ጥሶ ማቋረጥ ነገሩን ያባብሳል። መመለሱም ካልተቻለ ባሉበት ይቆዩና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ነፍተው አንድ ደቂቃ ያርፉ፤ ይህ በተራራ ላይ የተለመደ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

9. ከሩጫ በኋላ

ልብዎ እስኪረጋጋ ለ10 ደቂቃ ይራመዱ፣ እርጥብ ልብስና ካልሲ ወዲያው ይቀይሩ፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት ያድርቁ። ከዚያም ከጉልበት በስተጀርባ፣ በብሽሽት፣ በወገብ ዙሪያ፣ በብብት፣ በጆሮ ጀርባና በፀጉር ሥር መዥገር ይፈልጉ፤ ሕፃን መዥገር ከሰሊጥ ፍሬ ስለሚያንስ ከማየት ይልቅ በጣት መዳሰስ ይሻላል። ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይያዙና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡ፤ ዘይት መቀባትና በእሳት ማስነካት አያስፈልግም። ቦታውን ይጠቡ፣ ቀኑን ይመዝግቡ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ለሐኪም ያሳዩ።

ጫማዎን ከፓርኩ ሳይወጡ ያጽዱ። በሶሉ ጥርሶች መካከል የተሰካ ጭቃ የመጤ አረም ዘርና ፋይቶፍቶራ የሚባሉ፣ የዛፍ ሥር የሚያበሰብሱ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይዞ ወደ ሌላ ደን ሊሻገር ስለሚችል አንዳንድ ፓርኮች በመግቢያቸው ላይ የጫማ መጥረጊያ ብሩሽና ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ያስቀምጣሉ። ጭቃውን በብሩሽ ጠርገው ካጠቡ በኋላ የውስጡን ንጣፍ አውጥተው ጫማውን በጋዜጣ ይሙሉት፣ ጋዜጣው ሲርስም ይቀይሩት፤ ሙጫው እንዳይለቅ ከእሳትና ከጠራራ ፀሐይ አርቀው በጥላ ያድርቁት።